ሬንተን በእንግድነት፣ ኦበርን በፈታሽነት

ከሲያትል ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሬ ሰው የሚጠይቀኝ ስለዚያ ረጅም ማማ ነው። ወጥተሽ አየሽው ወይ ይሉኛል። አልወጣሁም። ከመኪና መስኮት፣ ያውም በካፊያ ውስጥ፣ ጫፉን ብቻ አይቼዋለሁ። እኔ ያየሁት አንድ የሥራ አዳራሽ፣ አንድ ማቀዝቀዣ ክፍልና አንድ ወጥ ቤት ነው። የምጽፈውም ስለነሱ ነው፤ ማማውን የፈለገ ፖስት ካርድ ይግዛ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልናገር። ብዙ ዓመት የሠራሁት በኒውክሌር ተቆጣጣሪነት ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ከመጋዘን ቁጥጥር ብዙ አይርቅም። አገሮች የኒውክሌር ነዳጃቸውን ለኤሌክትሪክ እንጂ ለቦምብ እንደማያውሉት ቃል ገብተዋል። እኛ ሄደን እናያለን፣ እንቆጥራለን፣ የቆጠርነውን አሽገን እንወጣለን። ከወራት በኋላ ስንመለስ እሽጉ ካልተነካ ውስጡ ያለውም አልተነካም ማለት ነው። ጉምሩክ ከጂቡቲ የሚመጣውን ኮንቴነር እንደሚያሽገው ማለት ነው፤ የእኛ እሽግ ሲዋሽ የሚጠፋው ግን ስኳርና ዘይት አይደለም።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ጎፋ ቤቴ ተቀምጫለሁ። አዲስ መሣሪያ ተሠርቶ ለተቆጣጣሪዎች ከመታደሉ በፊት ግን የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ እንደኔ ያለውን አሮጌ እጅ ልኮ ያስፈትሻል። በዚህ ጊዜ የተላክሁት ከሲያትል በስተደቡብ፣ ኦበርን በምትባል ከተማ ወዳለ አንድ አነስተኛ ድርጅት ነው። እዚያ የተሠራውን ኤሌክትሮኒክ ማሸጊያ ፈትሼ ሐሙስ ቃሌን መስጠት አለብኝ። እሺ ካልኩ የመጀመሪያው ጭነት ዓርብ ጠዋት ይወጣል፤ እምቢ ካልኩ ይቀራል።

እሑድ

አውሮፕላኑ ሲያርፍ ይዘንብ ነበር። ዝናብ ስላችሁ የእኛን የሐምሌ ዝናብ እንዳታስቡ። የእኛው መጥቶ፣ ደብድቦ፣ ይወጣለታል። የሲያትሉ ግን ጡት እንደተከለከለ ሕፃን ሲነጫነጭ ይውላል። ጃንጥላ የያዘ ሰው ግን አላየሁም። እኔ ብቻ ነጠላዬን ተከናንቤ ስሮጥ አንዲት ሴትዮ ቆማ አየችኝ።

ሻንጣዬ አልመጣም። ልብሴ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም፤ ዓመታት የሠራሁባቸው ጓንቶቼ እዚያ ውስጥ ናቸው። ሌላ ከተማ ሄዷል፣ ይደርሳል አሉኝ። መቼ ብል ፈገግታ ብቻ።

መውጫው ላይ ስሜን በአማርኛ የጻፈ ወረቀት ይዞ አንድ መነጽር ያደረገ ሰው ቆሟል። ናትናኤል ይባላል፤ አርባዎቹን የጀመረ የሐዋሳ ልጅ ነው። ለትምህርት መጥቶ እዚያው የቀረ መሐንዲስ ነው፤ የምፈትሸውንም ማሸጊያ የነደፈው እሱ ነው።

«እትዬ ስንዱ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለና አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። «ሶ… አንድ ትንሽ ፕሮብሌም አለ። የሆቴሉ ቧንቧ ፈንድቶ ፎቁ በሙሉ ውሃ ሆኗል። ሌሎቹን ስንደውል ደግሞ ሙሉ ናቸው። አለቃዬ ካረን፣ ሁለታችሁም ኢትዮጵያውያን ናችሁ፣ አንተ ቤት ይረፉ አለች። ኦኬ ነው አልኳት።»

ካረን ደግ አስባ ነው። ሐበሻን ሐበሻ ቤት አሳድሮ በነጋታው ፍረድ ማለት ምን እንደሆነ ከየት ታውቀዋለች? በሥራ ዘመኔ ከምፈትሻቸው ሰዎች ውሃ እንኳ አልቀምስም ነበር። ምሳዬን በቦርሳዬ ይዤ እገባለሁ፣ ልጣጩን ይዤ እወጣለሁ። ለአንድ ማታ ብቻ ነው አልኩት፤ ነገ ሆቴል ይገኝ።

ቤቱ ሬንተን የምትባል፣ ከሲያትል ጎን ያለች ከተማ ነው፤ ከአንድ የአውሮፕላን ፋብሪካ ብዙም አይርቅም። ሚስቱ ሜሮን ነርስ ናት። ሶስና የምትባል ልጃቸው በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ ሁለታችንም ሳንቸገር ተግባባን። የቤቱ አዛዥ ግን ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ፤ የሜሮን እናት እማማ ዘነበች ናቸው።

«አልራበኝም እማማ፤ ለአንድ ማታ ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

«ለአንድ ማታ የመጣ ሰው አይበላም ያለው ማነው?» አሉና ሳህኑን ፊቴ አኖሩት።

በላሁ።

ሰኞ

ከሬንተን ወደ ኦበርን የሚወስደው አውራ ጎዳና ጠዋት ጠዋት ይጨናነቃል፤ ጥሩምባ ግን የለም። መገናኛ ቢሆን ይሄኔ ሁሉም የሁሉንም አባት ሰድቧል። ናትናኤል ድንገት በጣቱ ወደ ግራ አሳየኝ። ደመናው ተገልጦ አንድ ትልቅ ነጭ ተራራ ታየ። «ዛሬ ወጥቷል» አለኝ፣ ከታመመበት እንደተነሣ ጎረቤት። እዚያ አገር ተራራው ይወጣል፣ ይገባል እያሉ ነው የሚያወሩት። የእኛ እንጦጦ እንኳን ሊገባ፣ ቢለምኑትም አይሄድ።

ኦበርን ቃሊቲን አስታወሰችኝ፤ ጭቃ የሌለባት ቃሊቲ። መጋዘን ከመጋዘን ተደግፎ ቆሟል፤ የጭነት መኪና ይገባል፣ ይወጣል። ድርጅቱ ከሁለት መጋዘኖች መሐል የተሸጎጠ ዝቅ ያለ ቤት ነው። ካረን ሽበቷን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ስትናገር ዓይን ዓይን የምታይ ሴት ናት። ወደድኳት።

ማሸጊያውን አመጡልኝ። መዳፍ የምታህል ጥቁር ዕቃ ናት። ብርሃን የሚያልፍበት ቀጭን የመስታወት ገመድ አላት። ገመዱን በዕቃ ማስቀመጫው እጀታ አሳልፈህ ጫፉን ወደ ማሸጊያው ትመልሰዋለህ፤ ጠቅ ይላል፣ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ከዚያ በኋላ ገመዱን የቆረጠ ወይም የነቀለ ሁሉ በውስጧ ይመዘገባል። የቀድሞዎቹ ማሸጊያዎች ተፈትተው ቢሮ ድረስ ተጉዘው ነበር የሚመረመሩት። ይቺ ግን እዚያው ባለችበት ትናገራለች። ናትናኤልና ባልደረቦቹ አራት ዓመት ደክመውባታል።

በባዶ እጄ አሸግኩ፣ ፈታሁ። በስስ ጓንት አሸግኩ፣ ፈታሁ። ገመዷን ቆረጥኩ፤ ተናገረች። ከጠረጴዛ ጣልኳት፤ ምንም አልሆነችም። እውነቱን ልናገር፣ እጄ ከገቡት ማሸጊያዎች ሁሉ ይቺን የመሰለ አላየሁም። እኔ ደግሞ መሣሪያ በቀላሉ የማሞግስ ሰው አይደለሁም።

ማታ ሆቴል ተገኘልኝ ወይ ብዬ ስጠይቅ እማማ ዘነበች ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ቤታችን ምን ጎደለበት?» አሉ። ይሄን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ካለ ይምጣ። የሆቴሉ ነገር በዚሁ ቀረ።

ማክሰኞ

ሻንጣዬ አሁንም የለም። ያለ ወፍራም ጓንት ፍተሻው ጎደሎ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ የታሸገ ነዳጅ የሚቀመጠው ማሞቂያ በሌለበት ቤት ነው። በአንድ የሰሜን አገር ክረምት ትንፋሼ አንገት ልብሴ ላይ ሲረጋ አይቻለሁ። እነሱ ዘንድ ያለው ስሱ የላቦራቶሪ ጓንት ብቻ ነው። ወፍራም ጓንት ከየት ይምጣ ስንባባል ሜሮን ከናትናኤል ጋር ስልክ ላይ ነበረችና «ወንድሜ አቤል እዚያው ሰፈር በረዶ ቤት አይደል የሚሠራው፣ ኮል ላድርግለት» አለች። አቤል የበረደ ሥጋና ዓሣ የሚከማችበት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል። በምሳ ሰዓቱ ጓንቱን በላስቲክ ከረጢት ይዞልኝ መጣ። «ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ ይቅርታ» አለኝና ተመልሶ ሮጠ።

ጓንቱን አጥልቄ ማቀዝቀዣ ክፍላቸው ገባሁ። ናትናኤልም ካፖርቱን ደርቦ ተከተለኝ። ገመዱን አሳለፍኩ፣ ጫፉን ገፋሁት። ጓንቱ ወፍራም ስለሆነ ጠቅ ማለቱ እጄ ላይ አልተሰማኝም። አረንጓዴው መብራት ግን በራ። እሱ «ፐርፌክት» ብሎ ዞረ።

እኔ ጎተት አደረግሁት። ይሄን መመሪያ ላይ አላነበብኩትም። መርካቶ ሱቁን ዘግቶ የሚሄድ ሰው ሁሉ ቁልፉን ከቆለፈ በኋላ አንዴ ጎተት ያደርገዋል፤ አባቴም እንደዚያ ያደርግ ነበር፣ እኔም የቤቴን በር ጎተት ሳላደርግ ሄጄ አላውቅም።

ገመዱ ወጥቶ እጄ ላይ ቀረ።

መልሼ ገፋሁት። አረንጓዴው በራ። የተመዘገበውን ስናይ ምንም የለም፤ ገመዱ እንዳልወጣ፣ እንዳልገባ። በውስጧ ያለው የገመዱ መያዣ በደንብ ሳይነክስ መብራቱ ቀድሞ ይበራል፤ ምዝገባው ደግሞ የሚጀምረው መያዣው ሲነክስ ነው። እንግዲህ ተቆጣጣሪው አረንጓዴ አይቶ ይሄዳል፤ የታሸገው ነገር ግን አልታሸገም። ሌሎቹን አስመጣሁ። አንዳንዱ ነከሰ፣ አንዳንዱ አልነከሰም። ናትናኤል ጓንቱን ተቀብሎኝ ራሱ ሞከረ። እሱም እጅ ላይ ወጣ። መነጽሩ በጉም ተሸፍኖ ስለነበር ዓይኑን አላየሁትም።

ረቡዕ

ረቡዕ እጾማለሁ። የዚያ ቤት ሰዎች ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ረቡዕ አይጾሙም። እማማ ዘነበች ግን ማንም ሳይነግራቸው አዲስ ድስት አውጥተው ቅቤ ያልነካው ሽሮ ሠርተው ጠበቁኝ። «ማማሰያውም አዲስ ነው፣ ሆድሽ እንዳይጠረጥር» አሉኝ። ያን ሽሮ ስጎርስ የነገውን ቃሌን አሰብኩ። የበሉበትን ወጭት መስበር ማለት ይሄው ነው እንግዲህ፤ ገና ሳልውጠው ልሰብረው ነው።

ቀኑን ሙሉ ከናትናኤል ጋር ተከራከርን። ክርክሩ ጨዋ ነበር። «እትዬ፣ እንደዚህ ያለ ጓንት የሚያደርግ ተቆጣጣሪ ስንት ነው?» አለኝ። እኔ አድርጌያለሁ አልኩት። «ኦኬ፣ ግን ትሬኒንግ ሲሰጣቸው ጎትቱ ይባላሉ። እርስዎ ሳይነገርዎት ጎትተው የለ?» ልጁ አዋቂ ነው። ነገ እነግራችኋለሁ ብዬ ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ማታ ሜሮን ሳሎኑን ስታሰናዳ፣ ከጎረቤት ወንበር ስትበደር አየኋት። ምን አለ ብዬ ጠየቅሁ። «ነገ ማታ የምስጋና ፕሮግራም አለን» አለችኝ ደስ ብሏት። «የቸርች ሰዎች ይመጣሉ፣ ከሲያትል ማዶ፣ ከማውንትሌክ ቴራስም የሚመጡ አሉ። የናቲ ሥራ ዓርብ ሺፕ ይደረግ የለ? አራት ዓመት ሙሉ አብረውን ጸልየዋል እኮ።» ናትናኤል በሩ ላይ ቆሞ ሰማት። ምንም አልነገራትም። እኔም አልነገርኳትም። አልጋዬ ላይ ስወጣ ምን ቁርጥ አድርጎኝ እዚህ ቤት አደርኩ አልኩ።

ሐሙስ

ካረን ሁላችንንም ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበችን። ያየሁትን ተናገርኩ፣ አሳየሁም። አዳመጠችና በመጨረሻ እንዲህ አለችኝ፤ መመሪያው ላይ በትልቁ «ካሸጉ በኋላ ይጎትቱ» ብለን ብንጽፍ፣ እሺ ትያለሽ?

ሁሉም እኔን አየኝ። ናትናኤል ብቻ ጠረጴዛውን ያያል። ካላለፈ ምን እንደሚከተል ካረን ቀደም ብላ ሳትደብቅ ነግራናለች፤ መሥሪያ ቤቴ ከታገሠ ወራት ይፈጃል፣ ካልታገሠ ሥራው ለሌላ አምራች ይሄዳል፣ የናትናኤል ክፍልም ይዘጋል። እሺ ይበልጣል ከሺህ ይላል የአገሬ ሰው። እሺ የምትለዋ ቃል እውነት አፌ ጫፍ ላይ መጣች። መመሪያው ላይ መጻፉ ውሸት አይደለም። የሚጎዳ ሰው አይታይም። የሚታየው የሳሎኑ ወንበር ነው።

«አልልም» አልኩ። «የሚበርደው፣ የደከመው፣ አውሮፕላኑ ሊያመልጠው የደረሰ ሰው መብራት ነው የሚያየው። የሚፈተሸውም አገር የሚያየው መብራቱን ነው። አረንጓዴ ማለት ታሽጓል ማለት ካልሆነ፣ ሳይነካ ነክቶታል የሚባልም፣ ነክቶ አልነካም የሚልም ይኖራል። ሁለቱም አገር ያጣላል። መያዣው ሳይነክስ እንዳይበራ አድርጉት። ሌላው ሁሉ ግሩም ነው፤ እንደዚህ ያለ አላየሁም ብዬም እጽፋለሁ። ይሄ ጭነት ግን አይሂድ።»

ካረን አመሰገነችኝ፤ ከአንጀቷ ይሁን ለወጉ አላወቅሁም።

ከናትናኤል ጋር ወደ ሬንተን ተመለስን። ቤቱ አጠገብ ሲደርስ ግን አልገባም፤ ጥግ ይዞ ፓርክ አደረገና ሞተሩን አጠፋ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለኝ። «እሑድ ሆቴል አድረው ቢሆን ኖሮ ቃልዎ ሌላ ይሆን ነበር?»

«ያው ነው። ይቀለኝ ነበር እንጂ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እኔም ትናንት ተመልሼ ሞክሬዋለሁ፤ ባዶ እጄን፣ ቀስ ብዬ ስገፋው። ያው ነው። ለሰው አልተናገርኩም» አለኝ። ከዚያ ገባን።

ሳሎኑ ሞልቷል። ምግቡ ተደርድሯል፣ ሶስና አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። ጋሽ ታደሰ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሊጸልዩ ሲነሡ ናትናኤል «አንዴ ጋሼ፣ ሶሪ» ብሎ ተነሣ። እግሬ ከወለሉ በታች ቢገባ በወደድኩ። ማሸጊያው ሳይዘጋ አረንጓዴ ስለሚያበራ ጭነቱ ነገ እንደማይሄድ ነገራቸው። ከኋላ አንዱ ማን ነው ያስቆመው አለ። ናትናኤል ወደ እኔ በእጁ አመለከተ። «እትዬ ስንዱ ናቸው። እንግዳዬ ናቸው። ልክ ናቸው።»

ሜሮን እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጋሽ ታደሰ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ። «ታዲያ ልጆቼ፣ ጸሎቱን ምን ብዬ ልጀምር? የምስጋና ነው የተባልኩት» አሉ።

«ሳይሄድ ስለቀረው ብለህ ጀምር» አሉ እማማ ዘነበች፣ ከተቀመጡበት ሳይነሡ። «የማይዘጋ በር ተሸክሞ ቦምብ ያለበት አገር ከሄደ ወዲያ ምን ጸሎት ይመልሰዋል?»

ጋሽ ታደሰ ዓይናቸውን ጨፈኑና እንደዚያው ብለው ጀመሩ። እኔ በሕይወቴ ብዙ ጸሎት ቤት ቆሜያለሁ፤ እንደዚያ ማታ ግን አልቅሼ አላውቅም። ሲያበቃ እማማ የመጀመሪያውን ሳህን ለእኔ አመጡልኝ።

ዓርብ

ሻንጣዬ በመጨረሻ ደረሰ፤ ልመለስ ስል። ስቄ ሳልከፍተው መልሼ አስጫንኩት። ናትናኤል ሥራ ከመግባቱ በፊት አውሮፕላን ማረፊያ አደረሰኝ። መንገድ ላይ ካረን ደወለች፤ መሥሪያ ቤቴ እስከ ክረምት ጊዜ ሰጥቷቸዋል። የናትናኤል ድምፅ ከፍ አለ፣ እኔም ትንፋሼን ለቀቅሁ።

«ሶ፣ አዲሱ ሲያልቅ ለእርስዎ ነው የምንልከው» አለኝ ሻንጣዬን ሲያወርድ። «ሌላ ሰው አልፈልግም።»

«ለእኔ አትላኩት።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አስቀየምንዎት እንዴ?»

«ትናንት ካረን መመሪያው ላይ እንጻፈው ስትለኝ እሺ ልል ነበር። ያን እሺታ አፌ ላይ ያመጣው የእማማ ሽሮ ነው። አንዴ አመለጥኩት። ሁለተኛ አላመልጠውም። የምታውቁት ሰው ሳይሆን ሆቴል የሚያድር ሰው ይፈትሸው።»

ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲል ያዝኩት፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ዝናቡ ይነጫነጫል፣ ጃንጥላ የያዘ የለም።

አዲስ አበባ በገባሁ በማግስቱ ለመሥሪያ ቤቴ ደወልኩ። ሪፖርቴን ተቀብለዋል፣ ተደስተዋልም፤ በክረምቱ ተመልሼ አዲሱን እንድፈትሽ ሊጠይቁኝ አስበው ነበር። ለዚያ ድርጅት ሌላ ሰው ፈልጉ አልኳቸው። ምን ነው፣ ምን ገጠመሽ አሉኝ።

«እዚያ ዘመድ አለኝ» አልኩ።